መለዋወጫ የሆነው መጥረጊያ ቋጣሪ

መጥረጊያ ፋብሪካው ውስጥ «ቋጠሮ» የሚሉት አንድ ቀጭን ሰው ነበር። ሌሎቹ ጭራሮ ይቆርጣሉ፣ ይለቅማሉ፣ ያሽጋሉ፤ መቋጠር ግን የሱ ብቻ ነው። ጭራሮውን በጉልበቶቹ መሃል ሸብ አድርጎ፣ የሲባጎውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ አንዴ ጠምጥሞ ሲስበው፣ መጥረጊያው እንደዚያው ሆኖ የበቀለ ይመስላል። ሲሠራ በአፍንጫው ያንጎራጉራል፤ ካላንጎራጎረ እጁ አይታዘዝለትም። ትዳር የያዘው፣ ልጆቹን ያሳደገው በዚህችው ሥራ ነው። ሌላ ሙያ የለውም፤ ሌላ ልልመድ ቢልም ዕድሜው ሄዷል።

አንድ ቀን ባለፋብሪካው ከባሕር ማዶ የመጥረጊያ መቋጠሪያ ማሽን አስመጣ። ቁም ሣጥን የሚያህል፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ በአንድ ጎኑ ጭራሮ የሚጎርስበት፣ በሌላው መጥረጊያ የሚተፋበት አፍ ያለው ነው። ተተከለ፣ ተወለወለ፣ ማብሪያው ተጫነ። ጉርምርም አለ፤ ቀይ መብራቱ በራ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም፤ ጭራሮው እንደገባ ቀረ።

ሥራ አስኪያጁን ላብ አጠመቀው። ባለፋብሪካው ለምረቃው ስንቱን እንግዳ ጠርቷል! «ማሽንህ አይሠራም» ብሎ መንገር ደግሞ ይሉኝታ ያዘው። ቋጠሮን ወደ ጥግ ጎተት አደረገው።

«ወንድሜ፣ አንተ ቀጭን ነህ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ አለቃ? ብበላም አይታይብኝ።»

«ለሱ አይደለም። ማሽኑ ከኋላ በር አለው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ለዛሬ ብቻ ገባ ብለህ ብትቋጥርልኝ...»

ቋጠሮ እምቢ ማለት አይሆንለትም። በርጩማውን ይዞ ገባ። ሲያንጎራጉር እንግዶቹ የሞተሩ ድምፅ መሰላቸው። የመጀመሪያው መጥረጊያ ብቅ ሲል ጭብጨባው ጣራ ነቀለ። አንዲት ወይዘሮ ዳበስ ዳበስ አድርጋው «አሁን ይሄን የሰው እጅ እንዲህ ይቋጥረዋል?» አለች።

«ለዛሬ ብቻ» የተባለው ሰነበተ። ቋጠሮ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፤ ሰው ሁሉ ሲወጣ ይወጣል። ውስጥ ወሬ የሚያወራው ስለሌለ ምርቱ ጨመረ። ይኼኔ የዕድገት ምንጭ የሚያጠና ባለሙያ ተላከ። ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየ፤ ጭራሮውን መዘነ፤ ራሱን አከከ።

«ካፒታሉ ያመጣው ዕድገት ይሄውና። ጉልበቱ ያመጣውም ይሄውና» አለው ሥራ አስኪያጁን። «የቀረው ግን ከየት እንደመጣ ሊገባኝ አልቻለም።»

ማሽኑ አስነጠሰ።

«ይማርዎ» አለ ባለሙያው።

«ያኑርዎ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ፈጠን ብሎ አፍንጫውን በመሐረብ እየያዘ።

ባለሙያው ያልገባውን ዕድገት «የቴክኖሎጂ ጥበብ» ብሎ ሰየመውና ለባለፋብሪካው ምክር ሰጠ፦ ማሽን እያለ በእጅ ለሚቋጥር ሰው ደመወዝ ለምን ይከፈላል? ማታ ቋጠሮ ወገቡን እያሸ ሲወጣ የስንብት ወሬ ጠበቀው።

«አለቃ፣ ማሽኑ እኮ እኔ ነኝ!»

«ኧረ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል! ምን ላድርግ ወንድሜ፤ ማሽኑ ቦታህን ወሰደው።»

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ፊቱን አይታ ደነገጠች።

«ምን ሆነሃል?»

«ከሥራ ተባረርኩ።»

«ማን አስባረረህ?»

«ማሽኑ።»

«የቱ ማሽን?»

«እኔ።»

እጇን ግንባሩ ላይ አድርጋ ትኩሳቱን ለካች።

በማግስቱ ማሽኑ ጉርምርም ብሎ ዝም አለ። ባለፋብሪካው ጸጉሩን ሊነጭ ደረሰ፤ ጥገና ባለሙያ ተጠራ። ጠጋኙ የኋላውን በር ቢከፍት አንዲት በርጩማ፣ አንድ የውሃ ኩባያና አንድ ነጠላ ጫማ አገኘ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞር አለ፤ ሥራ አስኪያጁ መሬት መሬቱን አየ። ጠጋኙንም ይሉኝታ ያዘው።

«ጌታዬ፣ አንድ ዕቃ ወልቋል» አለ። «ተቀምጦ ይችን በርጩማ የሚሞላ፣ ቀጠን ያለ ዕቃ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ይገዛ!» አለ ባለፋብሪካው።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ ቋጠሮ ቤት መጣ። ሰው መቅጠር ተከልክሏል፤ መለዋወጫ መግዛት ግን ተፈቅዷል አለ። ቋጠሮ «እሺ» ሊል አፉን ሲከፍት ሚስቱ ቀደመችው።

«ዕቃ ከሆነማ ዋጋ የምቆርጠው እኔ ነኝ። ይኼ እንደሱ ያለ ሌላ የሌለው ዕቃ ነው። በየቀኑ ዘይት ይፈልጋል፤ ትኩስ ምሳ ማለቴ ነው። እሑድ አይነካም።»

«እሺ እህቴ።»

«ሲያረጅስ?»

«ያረጀ ዕቃማ ግምጃ ቤት ይጣላል።»

«ሞቼ ነው ቆሜ! ሲያረጅ ወደኔ ይመለሳል፤ ክፍያውም አይቋረጥም።»

ሥራ አስኪያጁ ሌላ መውጫ አልነበረውም። ቋጠሮ ሰው ሳለ ስንት ጊዜ ለምኖ የተከለከለውን ጭማሪ ዕቃ ሲሆን ሳይለምን አገኘው።

ሰኞ ጠዋት የበሩ ዘበኛ አላሳልፍ አለው።

«ሠራተኛ አይደለህም ተብሏል፤ ዕቃ ደግሞ በእግሩ አይገባም። ደንብ ነው የኔ ወንድም፣ አትቀየመኝ።»

ቋጠሮ ወደ ቤቱ ተመልሶ ለሚስቱ ነገራት። እሷም ከጎረቤት የእጅ ጋሪ ከነገፊው ለምና መጣች፤ አስተኛችው፤ ጋቢውንም አለበሰችው። ጋሪው ፋብሪካው በር ሲደርስ ዘበኛው «አንድ መለዋወጫ፣ ደህና የደረሰ» ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ።

«ቀስ በል እንጂ!» አለች ጋሪውን የሚገፋውን ሰውዬ፣ ጎኑ ጎኑን እየተራመደች። «ዋጋውን ታውቀዋለህ?»