እማማ ደብሪቱ እና የጓሳ መክፈቻ

እልል በሉ፣ ተከፈተ! አራት ዓመት ሙሉ ማጭድ ሳይነካው የከረመው ተከፈተ! እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ሲነገር በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ቤት የምንከድንበትን የጋራ ሳራችንን፣ ጓሳን ነው የምላችሁ! ሳሩ ከጉልበት አልፏል፤ ሐሙስ ይታጨዳል። በየቤቱ አንድ አጫጅ፣ አንድ ቀን ብቻ።

ደስታው አላስቆም ቢለኝ በቀጥታ እማማ ደብሪቱ ዘንድ ሄድኩ። በመንዝ ከሳቸው የበለጠ ሳር የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይሟገተኝ! በልጅነታቸው ተድረው ከመጡ ጀምሮ የጓሳ ገመድ እየገመዱ ሞላሌ ገበያ ይሸጣሉ። ሥሩ እንዳይነቀል፣ ከስንዝር በታች እንዳይታጨድ መንደሩን ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። የራሳቸው ጣሪያ ግን ተበሳስቷል፤ ባለፈው ክረምት አልጋቸውን ሦስት ጊዜ አዛውረዋል።

«እማማ፣ ጓሳ ተከፈተ!» አልኩ ገና ከበሩ።

የመጨረሻዋን ጭብጥ ሳር እየገመዱ ነበር። ቀና ሳይሉ «ለናንተ ነዋ» አሉኝ።

ለካስ ረስቼዋለሁ! ካቻምና ልጃቸው ምንይሉ በክልክሉ ጊዜ ሁለት ሸክም አጭዶ ጓሮ ሸሸገ። ማንም አላየውም። ቀበሌው ሲሰበሰብ ተነሥተው «ሌባው እኔ ቤት ነው» ያሉት እናቱ ናቸው። ደንቡ ደግሞ ምሕረት የለው፤ የሰረቀ ቤት በሚቀጥለው መክፈቻ አያጭድም፣ ሳር የሰጠውም ሰው አብሮ ይቀጣል። ምንይሉ አኩርፎ ራቤል ከተማ ወረደ፤ በዚያው ቀረ።

«ሽማግሌዎቹን ብንለምንስ?»

«ደንቡ ሲወጣ እኔስ እጄን አላወጣሁም? ለኔ ሲሆን ከላላማ ጓሳ በሁለት ዓመት እንዳንተ አናት ይመለጣል።» ትንሽ ሳቁ፤ ወዲያው ሳቁ ጠፋ።

«ክረምቱንስ እንዴት ሊያልፉት ነው?»

«አላውቅም። ቀጣዩ መክፈቻ ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰባ ስድስት ሞልቶኛል። ወይ ጣሪያው ይቀድመኛል፣ ወይ እኔ እቀድመዋለሁ።»

ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ከጣሪያው ቀዳዳ የገባው ፀሐይ አልጋቸው ላይ ተኝቷል።

«ምን ይገትርሃል? ከወንዙ ማዶ ያለችው ወሰኔ አራስ ናት፣ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም፤ ባሏም በግ ፍለጋ ወጥቶ ሰንብቷል። ሐሙስ ካመለጣት ከነሕፃኗ እንደኔ ልትሆን ነው። ሂድ ንገራት፣ አጫጅ ትፈልግ፣ ሩጥ!»

ጋቢዬን ታጥቄ ቁልቁለቱን ተያያዝኩት፤ ወንዙን ሳልሻገር ገና «ወሰኔ! አንቺ ወሰኔ!» እያልኩ።