አንድ ዓይን

ዛሬ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ፣ ከጥላሸቱ ውስጥ፣ አንድ ዓይን ወጥቶ አየኝ።

ሥዕሉ የእትዬ በላይነሽ ነው። አሮጌ ሥዕል እንደማጸዳ ሰምተው፣ ከሄሰልቢ ሰፈር በቱነልባና፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ይዘውት መጥተው «የጧፉን ጥላሸት ብቻ ጥረጊልኝ» አሉኝ።

የምጠርገው በምራቅ ባራስኩት ጥጥ ነው። አትሳቁ፣ ለጥላሸት ከምራቅ የሚሻል አላገኘሁም። ልጄ ግን አይታ ተጸይፋ «ኡሽ» ብላ ክፍሏን ዘጋች።

ዓይኑ ሲወጣ አጠገቤ ቆመው የነበሩት እትዬ ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አሉ።

«እናቴ ናት። እኔን ፀንሳ በስእለት ያሠራችው እሷ ናት፤ ከግርጌው ተስላለች ይሉኝ ነበር። ስትወልደኝ ሞተች። ፎቶ እንኳ የላትም።»

ወደ ሁለተኛው ዓይን ስሻገር ጥጡ የፊቷን ቀለም ይዞ መጣ። እጄን ሰበሰብኩ።

«እትዬ፣ ከቀጠልኩ ፊቷ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።»

«በእኛ ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉ ሰው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እናቴን እንዲህ ልትተዪያት ነው?»

ሥዕሉን ትተውልኝ ሄዱ።

አሁን ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ናት። የትም ብቀመጥ ታየኛለች።

እናንተስ፣ ከአሮጌ ሥዕል ውስጥ ሰው ወጥቶባችሁ ያውቃል? በእኔ ቦታ ብትሆኑ ትነኳት ነበር?