ባጄ ላይ የተጻፈው ቃል

ብሉር መንገድ ላይ በነበረ ሱፐርማርኬት ሥራ የጀመርኩ ቀን ማናጀሩ ባጅ ሰጠኝ። ከስሜ ሥር «አሶሺዬት» ይላል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ ነው፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል። ቃሉን እንደምንም አነበብኩት። ወዲያው መወልወያ አስጨበጠኝ። አሶሺዬት ማለት ወለል ጠራጊ ነው ብዬ ያዝኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሱቁ ሳይከፈት ወለሉን የሚያብረቀርቀውን አሮጌ ዋክስ የሚያስለቅቀው ፈሳሽ ይፈስሳል፤ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል፤ ፓድ የሚባል ጥቁር ሻካራ መፈግፈጊያ በገባለት ማሽን ይታሻል፤ ጥጋጥጉ በእጅ ይፋቃል። ሁለቴ በውሃ ይለቀለቅና ይደርቃል። ከዚያ አዲሱ ዋክስ በስሱ አራት ጊዜ ይቀባል። የቸኮለ ሰው አንዴ አወፍሮ ይቀባና ወለሉ ይነጣበታል።

«ለምንድን ነው የሚነጣው?» አልኩት ማናጀሩን።

«አንተ ቀባ፤ ለምኑን ተወው።»

ሰባት ዓመት ቀባሁ። ለምኑን የነገረኝ የለም።

ከዚያ ወገቤ እምቢ አለ። ሐኪሙ ማሽን መግፋት ይብቃህ አለኝ። አዲሷ ማናጀር ቢሮ ጠርታ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ከአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ኦንላይን ስለሚሰጥ «አሶሺዬት ዲግሪ» የሚያስረዳ።

«የሱፐርቫይዘር ቦታ ሊከፈት ነው። ትምህርት የጀመረ ሰው ይፈልጋሉ። የሁለተኛ ደረጃ አቻ ፈተናውን አልፈሃል፤ እስከ ዓርብ አፕላይ አድርግ» አለች።

ደሜ ፈላ። «ሰባት ዓመት አሶሺዬት የሆንኩትን ሰውዬ አሶሺዬትነት ልታስተምሪኝ?» ብዬ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ጥዬ ወጣሁ።

በምሳ ሰዓት ሰላማዊት ወረቀቱን ይዛ መጣች። የአገሬ ልጅ ናት፤ እዚያው ሱቅ፣ ፋርማሲው ካውንተር ላይ ትሠራለች።

«ጋሼ፣ ምን ብለዋት ነው? ግራ ገብቷት ለኔ ሰጠችኝ።»

ነገርኳት። ሳቋ አላቆም አለ።

«ኧረ ጋሼ! ይሄ እኮ የዲግሪ ስም ነው፤ ከባችለር በታች ያለው፣ የሁለት ዓመቱ። ባጁ ላይ ያለው ሠራተኛ ለማለት ነው። እኔም አሶሺዬት ነኝ፤ ይኸው!»

ባጇን አሳየችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ አንብቤው አላውቅም።

«እሺ፣ ምን ልማር?»

«ምን ይፈልጋሉ?»

ሃምሳ ዓመቴ ነበር፤ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዝርዝሩን አነበብን፤ አካውንቲንግ፣ ኮምፒውተር፣ የጤና አስተዳደር። መጨረሻው ላይ «ጄኔራል ስተዲስ» ይላል።

«ይሄስ ለወታደር ነው» አልኩ።

«በሳቅ ሊገድሉኝ ነው! ጠቅላላ ማለት ነው፤ ላልወሰነ ሰው። መጀመሪያ ከየዓይነቱ ይቀምሳሉ፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ ይመርጣሉ። ሥራ ላይ ሁሌ የሚከነክንዎ ነገር የለም?»

«ዋክሱ ለምን ይነጣል?»

«በቃ፣ ኬሚስትሪ ይጨምሩበት።»

ሐሙስ አመለከትኩ። የሱፐርቫይዘሩን ቦታ ግን ትምህርት ላልጀመረ ለሌላ ሰው ሰጡት። ዛሬም ይቆጨኛል። ወደ ቀላል ሥራ አዛወሩኝ፤ ትምህርቱን አልተውኩም። ኬሚስትሪው እንደ ተጀመረ፣ ዌስተን ሰፈር ባለችው አፓርትመንቴ ሆኜ ለአስተማሪው ጥያቄዬን ጻፍኩለት። መለሰልኝ፤ ዋክሱ ሲወፍር ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ውስጡ ያለው ውሃ መውጫ ያጣና ታፍኖ ያነጣዋል። ይኸው ነው። ሰባት ዓመት የነፈጉኝ ነገር ሁለት መስመር ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የጽዳት ኬሚካል አያያዝ መረጥኩ። ዲግሪውን ከያዝኩ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሌላ ድርጅት የወለል ጽዳት ሠራተኞችን አሠለጠንኩ፤ ስልጠናውን የምጀምረው ወለሉ ለምን እንደሚነጣ በመንገር ነበር።

ምን እንደምትማር ካልወሰንክ ጠቅላላውን ያዝ፤ ሥራህ ላይ መልስ ያጣህለትን አንድ ጥያቄ ይዘህ ግባ። የማታውቀውን ቃል ከመቆጣትህ በፊት ጠይቅ።