ማለዳ የመጡት ሽማግሌዎች

ሀፊዛ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከግቢያችን በር አጠገብ ባለች ክፍሏ ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ኢብሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጦርነቱ ወሎ የገባ ጊዜ ጭነት ይዞ እዚያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም፤ የዚያ አገር ስልክ ሁሉ አይሠራም። እሷ ግን ስልኳን ከመስፊያ መኪናዋ ላይ አስደግፋ ትሰፋለች። የመኪናው ድምፅ ጥሪውን እንዳይውጥባት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ታቆመዋለች።

የፊልም ሰዎች ግቢያችንን የተከራዩት በዚያው ሰሞን ነው። የሚያስቅም የሚያስለቅስም የፍቅር ፊልም ነው አሉን። ሰውዬው ዘምቶ ሞተ እየተባለ ለቅሶ በተቀመጡለት ቁጥር በእግሩ ይመጣና የራሱን ንፍሮ ይበላል። የሙሽራዋን ቀሚስ የሰፋችው ሀፊዛ ናት፤ ታሪኩን ሲነግሯትም ስቃለች።

አዘጋጇ ልዩ የምትባል ወጣት ናት። መርዶ ነጋሪ የሚሆኑት ተዋናዮች አልጣሟትም።

"ማለቴ፣ ፊታቸው አያስደነግጥም" አለች።

እናም የእድራችንን ሊቀመንበር ጋሽ ፍቅሬንና ሐጂ ዓብዱልሀሚድን ወሰደች። ሰፈሩን ሁሉ መርዶ ያረዱት እነሱ ናቸው። ቀረጻው ዝናብ ተፈርቶ ከተያዘለት ጊዜ አንድ ቀን ቀድሞ እንዲሆን ሲወሰን ለሀፊዛ የነገራት አልነበረም።

ገና ሲነጋጋ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይመጣሉ። ይሄዱ የነበረው ፊልሙ ወደሚቀረጽበት ወደሚቀጥለው በር ነበር።

ባልዲው ከእጇ ወደቀ።

"ኢብሮዬን!"

"ተረጋጊ ልጄ፣ ምንም የለም" አሉ ጋሽ ፍቅሬ።

መርዶ ሲያረዱም የሚጀምሩት እንዲሁ ነው።

"ፊልም ነው እኮ!" አሉ ሐጂ።

"አያባብሉኝ! ለጎረቤቴ ለእጸገነትም ባሏ ሲሞት 'ትንሽ አሞት ነው' ብላችሁ ነው የጀመራችሁት!"

በለመኗት ቁጥር ደረቷን መምታቷ ባሰ። ጎረቤት ተንጋግቶ ወጣ፤ ሽማግሌዎቹን አየና ምንም ሳይጠይቅ ማልቀስ ጀመረ። የእድሩ ንብረት ጠባቂ የድንኳኑን ብረት ሲጎትት ጋሽ ፍቅሬ "መልስ አንተ! ማን ሞቶ ነው?" ብለው ጮኹበት።

ልዩ እየሮጠች ደረሰች። "ሀፊዝዬ፣ እኔ ልሙት ፊልም ነው! ያውና የሰፋሽው ቀሚስ!"

ተዋናይቷ ቀሚሱን ለብሳ፣ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ሀፊዛ አይታት መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ታዲያ ኢብሮ አልሞተም?"

ጋሽ ፍቅሬ ጎንበስ ብለው የወደቀውን ባልዲ አነሱላት።

ረፈድ ሲል ልዩ እያፈረች መጣች። የሀፊዛ ጩኸት ለካ ተቀርጾ ነበር።

"እንድናስገባው... ማለቴ፣ ትፈቅጂልናለሽ?"

"ኢብሮ ሲመጣ እሱን ጠይቁት" አለቻት።

ኢብሮ እስካሁን አልደወለም። ጋሽ ፍቅሬ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በበራችን ማለፍ ትተው በጀርባ በኩል ይዞራሉ። ሌላ ሰው ሲያልፍ ግን፣ ኮቴው እስኪርቅ የሀፊዛ መስፊያ መኪና ቀጥ ይላል።