የሸሸግኩት ብየዳ ቤት

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ሦስት እሑድ እጄን አውጥቼ መልሼ አውርጄዋለሁ፤ ታሪኬ ያሳፍራላ! ዛሬ ግን ይውጣልኝ። ስሙ ይባረክ!

መካኒሳ አቦ በርና መስኮት የምሠራበት ብየዳ ቤት ነበረኝ። ባለቤቴ ታደለች አብራኝ ለፍታበታለች፤ ቀለም የምትቀባው፣ ደንበኛ የምታነጋግረው እሷ ነበረች። እሷ አማኝ፣ እኔ ደግሞ ጠጪና ተሳዳቢ። አንድ ቀን በቃኝ አለች። ልጃችንን ይዛ ፉሪ አንዲት ክፍል ተከራየችና ፍቺ ጠየቀች። እኔስ ምን አደረግሁ? በንዴት ብየዳ ቤቱን ወደ ታናሽ ወንድሜ ስም አዞርኩት።

ፍርድ ቤት ስንቀርብ ዳኛዋ አስረዱን። «ፍቺው እስኪወሰን ድረስ ባልና ሚስት ናችሁ፤ የመረዳዳት ግዴታችሁ አልቀረም። ከፍቺ በኋላ ግን እሱ ያበቃል። የጋራ ንብረታችሁን ትካፈላላችሁ፣ የልጃችሁ ቀለብ ይቀጥላል» አሉን። ገቢዬን ሲጠይቁኝ «የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ የለም» አልኩ። ቅዱሳን፣ በዚህ አፌ! ለታደለች ትንሽዬ ቀለብ ተቆረጠላት። እኔ እየሳቅሁ ወጣሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ያለ መከላከያ መነጽር ስበይድ ሁለቱም ዓይኖቼ ተቃጠሉ። ሐኪሙ ሸፈነልኝና «እንዳትገልጠው። እንደ ድሮው ታያለህ ብዬ ቃል አልገባልህም። ሰው አጠገብህ ይሁን» አለኝ። ሀና ማርያም ቤቴ ብቻዬን ተኛሁ። ጎረቤት ለወንድሜ ደወለልኝ። «አሁን ደንበኛ ይዞኛል» አለኝ። በኔው ብየዳ ቤት!

በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። በድምፅዋ አወቅኋት፤ ጎረቤቴ ነግሯት ኖሮ አጥሚት ይዛ መጥታለች።

«ታዱ፣ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ገና አልተፋታንም እኮ። ዳኛዋ ተረዳዱ ያሉት ለኔ ብቻ መሰለህ?»

«በምን ገዛሽው?»

«በቆረጥክልኝ ቀለብ።»

ወገኖቼ፣ ምን ልበል? አፈርኩ። እንባዬ ከፋሻው ሥር ያቃጥለኝ ነበር። ልትወጣ ስትል እጇን ራሴ ላይ ጫነችና «ጌታ ሆይ፣ ሙሉጌታን አንተ ጎብኘው» አለች። አስታርቀን አላለችም። እሷ እንደሄደች ከአልጋዬ ወርጄ ተንበረከክሁ፤ በዚያች ሰዓት ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌሉያ!

ፋሻው ሲፈታ የሐኪሙን ጣቶች አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። «እግዚአብሔር ይወድሃል» አለኝ። ክብር ለሱ ይሁን! እኔን ግን የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ጨንቆኝ ነበር። ችሎት ፊት ተነሳሁ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ዋሽቻለሁ። ብየዳ ቤቱ የኔና የሷ ነው» አልኩ። ዳኛዋ ክፉኛ ገሠጹኝ፣ ቀለቡንም ከፍ አደረጉት። በኋላ ፍቺው ተወሰነ፤ ታደለች ግማሽ ድርሻዋን ወሰደች። አልተመለሰችም፣ እኔም ተመለሺ ብዬ አላስጨንቃትም። ወንድሜ ዛሬም አኩርፎኛል፤ ጸልዩልኝ።

እዚህ መካከል የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለህ ወንድሜ፣ ምን እንደሸሸግህ አላውቅም። ጌታን ታመነውና እውነቱን ተናገር። ያለኝን ሁሉ የማጣ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ዛሬ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ልወስድ ፉሪ ስሄድ የታደለችን ፊት ቀና ብዬ አየዋለሁ። ጌታ ይመስገን!