ትርፊት የተኛችበት ጸሎት

በከተማችን በፎንቆ፣ በእኛ ቤተክርስቲያን፣ በማለዳ ጸሎት ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ነው የሚጸልየው። አንዱ በሀዲይኛ፣ ሌላው በአማርኛ። ለማያውቅ ሰው ጠብ ይመስላል። ደግነቱ፣ በዚያ መሀል ማን ምን እንዳለ የሚሰማ የለም።

ይህን ጸሎት ስትመራ የኖረችው ጎረቤቴ ትርፊት ናት። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነች፤ ከሕፃናት ጋር ስትጮህ ውላ እንኳ ድምጿ አይሰልልም ነበር። ልጇ ሆሴዕ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ወጥቶ፣ ሞያሌን ከተሻገረ በኋላ ድምፁ ሲጠፋ ግን ሰውነቷ አለቀ። "እንዴት አደርሽ?" ስላት "ይመስገን" ትላለች፤ ፊቷ ግን ሌላ ያወራል። በጉባኤ የጸሎት ርዕስ አድርጊው ብላት እምቢ አለች። የሰውን ልጅ ስም እየጠራች ስታስጸልይ ኖራ፣ የራሷን ልጅ ስም አፏ አላወጣ አለ። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እናቱ ሳታነሳው ግን ማን ይጀምረዋል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ተቆጥቻታለሁ።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ማለዳ ዝናቡ ሰው አላስወጣ ብሎ ሦስት ብቻ ሆንን፤ እኔ፣ እሷና ሽማግሌው ጋሽ ተገኘ። እሱ በሀዲይኛ፣ እኔም የሚያመኝን ጉልበቴን እያሸሁ በአማርኛ ጀመርን። ትንሽ ቆይተን የእሷ ድምፅ ሲጎድለን ሁለታችንም አቆምን። ትርፊት ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ የለም። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ኖራለች፤ የእኛ ጩኸት ሸፍኗት ነው።

ዐይኗን ገልጣ አየችን።

"አልቻልኩም ጋሼ" አለች። "ደከመኝ። ስሙን ስጠራ የሞተ ይመስለኛል።"

ጋሽ ተገኘ መምከር ይወዳል። የዚያን ቀን ግን ጥቅስ እንኳ አልጠቀሰም።

"እኛ እንጠራዋለን። አንቺ ተቀመጪ" አለ።

ሆሴዕን በስሙ እየጠራን ጸለይን። ለሁለት ሰው ያን አዳራሽ በድምፅ መሙላት ቀላል አይደለም፤ ጉሮሮዬ ደረቀ። ዞር ብዬ ሳያት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ ጥላ ተኝታለች። ልጁ ከጠፋ ወዲህ እንቅልፍ በዐይኗ እንዳልዞረ አውቃለሁና አሳዘነችኝ። ትረፍ ብዬ ድምፄን ዝቅ ሳደርግ ጋሽ ተገኘ ክንዴን ያዘኝ።

"ቀጥዪ" አለኝ። "ዝም ካልን ትነቃለች።"

ዝናቡ እስኪያባራ ቀጠልን።