የኦቦ ቱፋ ሳል

ከሊፋ ተቀምጦ ምሳውን የበላበትን ቀን ሚስቱ ዙቤዳ አታስታውስም። ቆሞ ይጎርሳል፣ እያኘከ ጫማውን ያጠልቃል፣ ሻዩን በሩ ላይ ሆኖ ጨልጦ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ ትቶ ይሄዳል። አሰላ ገበያ መሐል የተገናኘው ሰው «ደህና ነህ ወይ» ብሎ ሳይጨርስ እሱ መልሱን ሰጥቶ ሦስት ሱቅ አልፎ ይገኛል። ክፉ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም እንደሱ ለሰው የሚሮጥ በከተማው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግር ነበር። ግን መሮጥና መስማት አንድ ላይ አልሆኑለትም፤ ይህን ደግሞ ከዙቤዳ በቀር ደፍሮ የነገረው የለም፣ የእሷንም እየሮጠ ነው የሰማው።

የተወለደው ከበቆጂ ወዲህ ካሉት የገብስ አገሮች ባንዱ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሲጨርስ የድሬሰርነት ኮርስ ወሰደ፤ በ1961 ዓ.ም. ዶክተር አሰግድ ዘንድ ተቀጠረ። ዶክተሩ በመንግሥት ተመድቦ ከሸዋ የመጣ፣ በኋላ ሥራውን ለቆ እዚያው አሰላ የራሱን ክሊኒክ የከፈተ፣ ወፈር ያለ ዝምተኛ ሰው ነው። ክሊኒኩን በከፈተ በዓመቱ አንድ ነገር ወሰነ። በወር አንድ ቅዳሜ በሩ ይዘጋና መድኃኒቱ ሁሉ ላንድሮቨሯ ላይ ተጭኖ ወደ ገጠር ይወጣል፤ ከድሃው ሰው ሳንቲም አይጠየቅም። ነርሷ ተናኘወርቅ ክኒኑን በጋዜጣ ቁራጭ እየጠቀለለች ታድላለች፣ ከሊፋ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ከሁሉም በላይ ግን ያስተረጉማል። ዶክተሩ ኦሮምኛ አይችልም፣ ገበሬው አማርኛ አይችልም።

ከበቆጂ ወዲህ ባለው የገበያ ሜዳ፣ አንድ ትልቅ ጥድ ሥር ጠረጴዛ ይዘረጋል። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ወረቀቱን እንዳይወስደው የመድኃኒት ጠርሙስ ይጫንበታል። ሰዉ ገና በማለዳ ሜዳውን ሞልቶታል። ዓይኑ የተያያዘ ሕፃን፣ እግሩ የመረቀዘ አራሽ፣ ሆዷን የያዘች ሴት አለ። ምንም ያላመመውም አለ፤ እንግዳ ያን ያህል መንገድ መጥቶ ሳይጎበኙት መቅረት ነውር ስለሆነ ብቻ የሚመጣ፣ ተራው ሲደርስም ባዶ አፉን እንዳይቆም አንዲት ውጋት ፈልጎ የሚያቀርብ። ዶክተሩ ደግሞ ሳይመሽ ጭቃውን መሻገር አለበት። ስለዚህ ከሊፋ ወሬ መቁረጥ ተማረ። አንዱ ገበሬ ላሙ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ሩብ ሰዓት ያወራል፤ ከሊፋ ዘወር ብሎ «ሆዱን ነው» ይላል።

«ይህን ሁሉ ተናግሮ ሆዱን ብቻ ነው?» አለው ዶክተሩ አንድ ጊዜ።

«ሌላው ስለ ላሟ ነው፣ ዶክተር።»

በመስከረም 1964 ዓ.ም. ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ሽማግሌ ወረፋ ይዘው መጡ። ትከሻቸው ሰፊ፣ ጉንጫቸው ቀይ፣ ከስድሳ ያለፉ ግን ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሰው ናቸው። «ያስለኛል» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። «ማታ ያልበኛል። እየከሳሁ ነው።» ዶክተሩ ደረታቸውን አዳመጠ፣ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገ፣ ምንም አላገኘም። የሳል ሽሮፕ ሰጥቶ ሸኛቸው። በጥቅምት ተመለሱ። ብሶባቸዋል፤ አሁን ደም አለው አሉ። ዶክተሩ ደነገጠና ብልቃጥ ሰጥቶ አክታቸውን እንዲተፉበት አዘዘ። ሽማግሌው ብልቃጡን ካገላበጡ በኋላ «ቤት ወስጄው በወሩ ባመጣውስ?» ብለው ጠየቁ። ከሊፋ ሳቀ። «እዚሁ ይትፉ፣ ኦቦ» አላቸው። የተፉት እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ምራቅ ነበር። ዶክተሩ የሚያደርገው ሲጠፋው ሽሮፑን ደገመና ቫይታሚን ጨመረበት።

በኅዳር ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ወረፋው ከጥዱ አልፎ እስከ መንገዱ ደርሷል፣ ሰማዩም ከብዷል። ዶክተሩ መቼ መቼ እንደሚብስባቸው አስጠየቀ። «ሌሊት ነው። ቤቱን በከፈለው ጋርዶሽ በኩል እሰማዋለሁ፣ እስኪነጋ አያቋርጥም» አሉ። ከሊፋ «ሌሊት ነው» ብሎ አስተረጎመ። ዶክተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ደረታቸውን አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ጊዜ ከሊፋ ሳይታዘዝ ክንዳቸውን ይዞ ከወንበሩ አስነሳቸው።

«ኦቦ፣ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነዎት። ተራውን ለታመመ ሰው ይልቀቁ።»

ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌው አንድ ጊዜ አዩት፣ በትራቸውን አነሱ፣ ሄዱ።

በማግስቱ እሑድ ምሳ ላይ ከሊፋ ይህንኑ ለዙቤዳ እንደ ቀልድ አወራላት። እጁን እየታጠበ ስለ ብልቃጡ፣ ሳህኑን ይዞ ቆሞ ስለ ምራቁ፣ እየጎረሰ ስለ ጋርዶሹ።

«እስቲ ድገመው» አለች ዙቤዳ።

«የቱን?»

«በጋርዶሹ በኩል እሰማዋለሁ ያሉትን።» ሳህኗን አስቀመጠች። «ወላሂ ከሊፋ፣ ሰው የራሱን ሳል ከጋርዶሽ ወዲያ ሆኖ ይሰማል?»

ከሊፋ ያነሳውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው። ዙቤዳ የምታውቀው የሽማግሌውን ቃል ብቻ ነው፤ እሱ ግን አገሩን ያውቃል፤ ከጋርዶሽ ወዲያ የምትተኛው ምራት ናት። እናቱ በአማቷ ፊት እህል ቀምሳ አታውቅም፤ አያቱም ምራታቸው ባለችበት ክፍል ዓይናቸውን ቀና አድርገው አያውቁም። በዚያ አገር አንድ ሽማግሌ ስለ ምራቱ ገላ፣ ስለ ላቧና ስለ ደሟ፣ በገበያ ሜዳ ለማያውቃቸው ወንዶች ከሚናገር ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል። ታዲያ ትሙትበት ወይ? አይ፤ በሽታዋን በራሱ ላይ አድርጎ ተሸክሞት ይመጣል። ዶክተር አሰግድ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ከሊፋ ሊያውቅ ይገባ ነበር። የተቀጠረው ለዚሁ ነው።

ያን ዕለት ከቤት ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ቤት ሲመላለስ ዋለ። ሰኞ ማለዳ ክሊኒኩ ሳይከፈት ዶክተሩን በር ላይ ጠብቆ ነገሩን ሁሉ ነገረው። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ላንድሮቨሯ ጎማዋ ፈንድቶ ጎሚስታው ዘንድ ናት፣ እስከ ሐሙስ አትወጣም። «እንግዲያው በሐሙስ...» ብሎ ሳይጨርስ ከሊፋ ቦርሳውን አንግቶ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው እየሄደ ነበር።

አውቶቡሱ በየመንደሩ ሲቆም ከሊፋ እየተነሳ በመስኮቱ ያያል፤ እሱ ስለተነሳ የሚፈጥን ይመስል። ዋናው መንገድ ላይ ከአውቶቡሱ ወርዶ፣ በዶክተሩ መዝገብ ወደ ተጻፈው የሽማግሌው መንደር ሁለት ሰዓት በእግሩ ሄደ። ወንዱ ሁሉ ገብስ አጨዳ ላይ ነው። የኦቦ ቱፋን ቤት ለመጠየቅ ወደ አንድ ደጅ ሲጠጋ አንድ ሰው ከወንዙ ሽቅብ ሲመጣ አየ። ኦቦ ቱፋ ናቸው። በጀርባቸው እንስራ አዝለዋል፤ ሁለት ትንንሽ የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ይከተላሉ። የሴት ሥራ ሲሠሩ በእንግዳ ዓይን መታየታቸው ሲገባቸው ቆሙ፣ ግን እንስራውን አላወረዱም። ሚስታቸው ከሞተች ቆይቷል። ልጃቸው ጅብሪል ከክረምቱ በፊት ጥጥ ለቀማ ወደ አዋሽ ወርዶ ገና አልተመለሰም። ጎረቤት ሴቶች ደግሞ ሳሉን ፈርተው እግራቸውን አሳጥረዋል።

ከሊፋ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጠ። የሚለውን መንገዱን በሙሉ ሲያስብ ነው የመጣው። በግልጽ ቢጠይቃቸው እንደሚያዋርዳቸው ያውቃል።

«ኦቦ፣ ሳልዎን ላየው መጣሁ። የት ነው የሚተኛው?»

ሽማግሌው እንስራውን አወረዱ። «ከጋርዶሹ ወዲያ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው እደጅ ቀሩ።

ምራታቸው ሰኪና መደቡ ላይ ተኝታለች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከአጥንቷ ላይ ቆዳው ብቻ ቀርቷል፣ ጉንጯ ላይ የትኩሳት ቅላት አለ። ራስጌዋ ላይ ሁለቱ የሽሮፕ ጠርሙሶች ታጥበው፣ የጋዜጣው ጥቅልል ተጣጥፎ ተቀምጧል። አንድም ቀን ሳታስተጓጉል ወስዳዋለች፤ ውሃ ብትጠጣ ያው ነበር።

«አማቴ ናቸው በሩ ሥር የሚያስቀምጡልኝ» አለች፣ በሳል እየተቆራረጠች። «ያለፈው ቅዳሜ ግን ባዶ እጃቸውን መጡ። መድኃኒቱ አልቆ ነው?»

ከሊፋ ፊቱን እንዳታይበት ጎንበስ ብሎ ብልቃጡን አወጣ። በዕድሜው እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

ቃሬዛ ለመሸከም አራት ወንድ ያስፈልጋል። ከአጨዳው ተለምነው የመጡት ጎረቤታቸው ቶላና ወንድሙ ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ከሊፋ፣ አራተኛው ኦቦ ቱፋ ሆኑ። አማት የምራቱን ቃሬዛ መሸከሙ ያልታየ ነገር ስለሆነ ቶላ አፉን ሊከፍት ሲል ሽማግሌው የፊቱን እንጨት ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ከፊት ሲሆኑ አያይዋትም። ከሊፋ ከኋላ ያዘ፤ እሱ ያያታል።

ልጆቹን ቶላ ቤት ትተው ቁልቁለቱን ወረዱ። ከሊፋ እግሩ ሩጥ ሩጥ ይለዋል፤ ቢሮጥ ግን ቃሬዛው ይናጣል፣ ሲናጥ እሷ ታስላለች፣ ስታስል ደም ይመጣል። በሽማግሌው እርምጃ ልክ ሄደ። ብዙ ከሄዱ በኋላ ኦቦ ቱፋ አንገታቸውን ሳያዞሩ ጠየቁ።

«እንዴት ነኝ?»

ከሊፋ ቁልቁል አያት። ዓይኗ ተከድኗል፣ ደረቷ ይነሳል ይወርዳል።

«ደህና ነዎት፣ ኦቦ። ይተነፍሳሉ።»

ጥቂት ሄደው እንደገና «አሁንስ እንዴት ነኝ?» አሉ። ከሊፋ አይቶ መለሰ። ዋናው መንገድ እስኪደርሱ፣ ገብስ የጫነ መኪና ለምነው እስኪያስቆሙ ድረስ፣ ስንት ጊዜ እንደጠየቁት ቁጥሩ ጠፋው። አንድም ጊዜ ሳያያት አልመለሰም።

አሰላ ሲደርሱ ዶክተር አሰግድ ራሱ ተቀበላቸው። አዳመጣት፣ ራጅ አስነሳት። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ሲያይ ከሊፋ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ዶክተሩ ያየውን በዝግታ ነገረው። አልወቀሰውም። ቢወቅሰው ይሻለው ነበር።

ኦቦ ቱፋ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ምራታቸው ካለችበት ክፍል ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል።

«እድናለሁ?» አሉት።

ከሊፋ የዶክተሩን ቃል አንድም ሳያስቀር፣ ሳያሳጥር አስተረጎመ። «የቀኝ ሳንባዎ አልቋል። የግራው ይተርፋል ብሎ ተስፋ ያደርጋል፣ ግን ቁርጡን አልነገረኝም። በየቀኑ መርፌ አለ፤ ሁለት ወር ሳይቋረጥ እዚሁ ሆነው ይወጋሉ። ቢድኑም ከእንግዲህ እንስራ አያዝሉም፣ እህል አይፈጩም። በመስከረም ቢደረስበት ኖሮ ሁለቱም ይተርፉ ነበር ይላል።» ከዚያ የራሱን ጨመረ። «በመስከረም ነግረውን ነበር። ያልሰማሁዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። «ይቅር ብያለሁ፣ ልጄ» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያን ቅዳሜ ግን በጣም አሞኝ ነበር» አሉ።